የጣውንቴ የኋላ ጎማዎች

ግንቦት 27 ቀን 2002

አንድ የሚያሳፍር ነገር ልንገርሽና ይውጣልኝ፤ ዛሬ እዚሁ ጅቡቲ ከተማ ባሌን ተከትዬ በታክሲ አርሂባ ሰፈር ድረስ ሄድኩ። አዎ፣ እኔ! በየወሩ በመጽሔት «እህቶቼ፣ የሚጠበቀው ፍየል እንጂ ባል አይደለም» እያልኩ የምመክረው እንቁ፣ በዚህ ሙቀት ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ተከናንቤ፣ ባለ ታክሲውን «ዱስማ፣ ዱስማ፤ ቀስ በል እንዳያየን» እያልኩ። አንድ ቃል ሳልነግረው ነገሩ ገብቶታል። ሲያወርደኝ «ኩራዥ፣ ማዳም» አለኝ፤ አይዞሽ ማለቱ ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

(የራሴ ደብተር ላይ «ልንገርሽ» የምለው ማንን ነው? ይህን ያህል ዘመን ለአንባቢ የጻፈ እጅ ለብቻው ማውራት አይሆንለትም መሰለኝ። ይሁን፣ አንቺው ስሚኝ።)

ምን ላድርግ? ጀንበሬ ከፋሲካ ወዲህ ከጋራዥ ሲወጣ ቀጥ ብሎ ቤት አይመጣም። ስልክ ሲደወልለት በረንዳ ይወጣል። አንዴ «አልነገርኳትም፤ ራሴ እነግራታለሁ» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እንዲህ የሰማች ሚስት ምን ታስብ?

የወረድኩት ዓብዱረዛቅ በር ላይ ነው። ዓብዱረዛቅ የጀንበሬ ጓደኛ ነው፤ አሰብ ያደገ አፋር፣ ወደብ ላይ ክሬን ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ አማርኛው ከእኔ አማርኛ የሚጣፍጥ። በአጥሩ ቀዳዳ አጮልቄ ሳይ ከሸራ ጥላ ሥር አረንጓዴ ነገር ቆሟል። ከሥሩ ሁለት እግር ወጥቷል። ሰውዬውን በጫማው አወቅኩት፤ የግራው ጫማ አፍንጫ ተፍቆ ተፍቆ ነጭ ሆኗል። አዲስ ግዛ ብለው አይሰማኝም።

እና አረንጓዴዋ? ሙስታንጓ ናት! የስልሳ ሰባት ሞዴል አሜሪካዊት። ደጃችን ላይ ዝጋ ስትቆም፣ የሰፈራችን የካርቲየ 4 ድመት ሁሉ እየገባ ሲወልድባት፣ «ወይ እኔ ወይ እሷ» ብዬው ከአምስት ዓመት በፊት «እሺ፣ ሸጥኳት» ያለኝ።

«ሸጥኳት አላልክም?» ብዬ ገባሁ።

ጀንበሬ ከሥር ሊወጣ ሲል ራሱን መታ። የመለሰልኝ ዓብዱረዛቅ ነው፤ ጉንጩ በጫት ተወጥሮ ነበር። «ወላሂ ሸጧታል! ለእኔ! በአንድ ፍየል!»

«የምን ፍየል?»

«ያን ዓመት በፋሲካ የበላሽው ነዋ! ጎድኑን ስትግጪ፣ እንቁ፣ የመኪናዋን ጎማ ነበር የምትግጪው።»

ሚስቱ ሀጀራ ከጓዳ ወጥታ በሻሿ አፏን ይዛ ሳቀች። እኔም መጨረሻ ላይ ሳቅኩ። ጣውንት ፍለጋ ሄጄ ባለ አራት ጎማ አገኘሁ።

ሰኔ 1

አላናገርኩትም። ሻይ ቀዳሁለት፤ አላናገርኩትም።

ሐምሲን ጀመረ። ንፋሱ አሸዋውን በጥርሴ መሃል ያስገባል። ኢዮስያስ ከአዲስ አበባ ደውሎ «እትዬ እንቁ፣ ገጽዎ ባዶ ነው፤ አዘጋጅ ነኝና ይዘኑልኝ» ይላል። ስለ ምን ልጻፍለት? ስለ ፍየሏ?

ጀንበሬ ብርጭቆ ጣለ። በዚህ ሳምንት ሌላም ሰብሯል። «ልብህ አርሂባ ነው» አልኩት። ደግ አደረግኩ።

ሰኔ 4፣ አርብ

ታረቅን። «ነይና እዪ፤ አይተሽ ፍረጂ» አለኝ፤ ሄድኩ። እና አንባቢዬ፣ ከሄድኩ በኋላ የሆነውን እንዴት እንደምነግርሽ አላውቅም። እኔ እስከ ዛሬ መኪና ማለት ተሳፍረሽ የምትወርጅበት ነገር ይመስለኝ ነበር።

ጀንበሬ ጄሪካን ላይ ተቀምጦ እንደ ጄኔራል ነው የሚያዝዘው። «ይቺ መኪና የምትገፋው ከኋላዋ ነው» አለ። «የሞተሩ ጉልበት በረጅሙ ዘንግ መጥቶ በኋላ ጎማዎቿ መሃል ያለው ሳጥን ውስጥ ይገባል። እሱ ዲፈረንሻል ነው። ሥራው ማካፈል ነው። እስቲ አንቺና ሀጀራ ክንድ ለክንድ ተያያዙና ያቺን የውኃ በርሜል ዙሯት።»

«እኛ? አንተና ዓብዱረዛቅ አትዞሩም?»

«እኔ አስተማሪ ነኝ።»

ተያያዝን። እኔ በበርሜሏ በኩል፣ ሀጀራ ከውጪ። ስንዞር እኔ ባለሁበት እረግጣለሁ፤ እሷ ቀሚሷን ሰብስባ ትሮጣለች። ሁለታችንም ሳቅ ገደለን። ዓብዱረዛቅ «ሀጀራ፣ በሠርግሽም እንዲህ አልሮጥሽም!» ይላል።

«አያችሁ?» አለ ጀንበሬ። «አብራችሁ ተበይዳችሁ ቢሆን ኖሮ አንዳችሁ ትወድቅ ነበር። ዲፈረንሻሉ አንዱ ጎማ እንዲሮጥ፣ አንዱ እንዲረጋ ይፈቅዳል። ይሄ ደግነቱ ነው። ክፋቱ ደግሞ…» እዚህ ላይ ሰው እንደሚያማ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ክፋቱ፣ ጉልበቱን ሁልጊዜ ለቀለለው ይሰጣል። አንዱ ጎማ አሸዋ ቢያንሸራትተው፣ ኃይሉ ሁሉ ወደሱ ይሄድና እሱ ባዶውን ይሽከረከራል። ደረቅ መሬት የረገጠው፣ መግፋት የሚችለው፣ ቆሞ ያያል።»

«ስንት ቤት አውቃለሁ እንዲህ የሆነ» አልኩ።

«ጻፊዋ!» አለኝ ዓብዱረዛቅ።

ባለቤቴ የፈለገው ታዲያ እዚህ ፈረንሳዮቹም እኛም ኦቶብሎካን የምንለውን ነው። አንደኛው ጎማ ሲንሸራተት ሁለቱን ያያይዛቸዋል። ሙሉ በሙሉ አይደለም፣ በልክ። ስትዞሪ ይለቃል፤ ስትንሸራተቺ ይይዛል።

«መቼ እንደሚይዝ ማን ይነግረዋል?» አልኩት።

«ማንም።»

«ሽቦ የለው? መብራት የለው?»

«ምንም። ብረት ብቻ ነው። ራሱ ያውቃል።»

በዚያ ሙቀት ብርድ ብርድ አለኝ፤ እውነቴን ነው። ከብረት የተሠራ፣ በዘይት ውስጥ በጨለማ የተቀመጠ፣ መቼ መልቀቅ መቼ መያዝ እንዳለበት የሚያውቅ ነገር! እኔ ይህን ሳላውቅ በየዓምዴ ስንት ባልና ሚስት መክሬያለሁ።

ለምን እንደፈለገው አልጠየቅኩትም። አውቃለሁ። ዓሳል ነው።

በተጋባን ሰሞን በዚህችው መኪና ዓሳል ሐይቅ ወሰደኝ። መንገዱ እየወረደ፣ እየወረደ፣ ባሕሩን ከራስሽ በላይ ትቶ ይወርዳል። ከዚያ ጥቁሩ ድንጋይ ያበቃና ነጩ ይጀምራል። ጨው። እስከ ዓይንሽ መጨረሻ ጨው፣ ከዳር ሰማያዊ ውኃ፣ ድምፅ የሚባል የለም። እግዜር ዓለምን ሲሠራ የተረፈውን ጨው እዚያ ደፍቶ፣ ሊመለስበት አስቦ የረሳው ይመስላል። እኔ ወሬኛዋ አፌ ተያዘ። ጀንበሬ «ጠጋ እንበል» ብሎ ጨዉ ላይ ሲነዳት የቀኙ የኋላ ጎማ እርጥቡን አገኘና ሰመጠ። ነዳጅ ሲሰጣት እሱ ብቻ ይሽከረከራል፤ የግራው እንደ እንግዳ ቆሟል። ጨው የሚጭኑ አፋሮች የግመሎቻቸውን ገመድ ፈትተው አወጡን። ጨዉ ላይ አንድ ጥልቅ መስመር ቀረ። አንድ ብቻ። ጀንበሬ መስመሯን ቆሞ አያትና «እመለሳለሁ» አለ። ለእኔ ይሁን ለጨዉ እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

ሰኔ 14

የዓለም ዋንጫ። ጎል ሊቆጠር ሲል መብራት ጠፋ። የካርቲየ 4 ሕዝብ በአንድ አፍ «ዋይ!» ሲል ቤታችን ተንቀጠቀጠ።

ወንዶቹ፣ ጀንበሬና ኳስ ሊያይ የመጣው ዓብዱረዛቅ፣ ኳሱ ሲቀር ወደ ኦቶብሎካኑ ተመለሱ። ለካ ዓይነቱ ብዙ ነው፤ እኔ የገባኝን እንደ ወሬዬ ልንገርሽ፤ ለልጅቷ፣ ለመኪናዋ ማለቴ ነው፣ ሦስት ሙሽራ መጥቶላታል።

አንደኛው ቆላፊው ነው። ጉልበተኛ፣ ጠባይ የሌለው። ያዘ ካለ ሁለቱን ጎማ ግጥም አድርጎ ይቆልፋል፤ ሲለቅ ደግሞ ቋ! ያደርጋል፣ ኩርባ ላይ ያስደነግጣል። የዓብዱረዛቅ ምርጫ እሱ ነው። «እንደ ክሬን ነው፤ አንዴ ከያዘ ያዘ።»

ሁለተኛው በሳህን ላይ ሳህን የተደራረበበት፣ እንደ ፍሪሲዮን በመፋተግ የሚይዝ። ጨዋ ነው፤ ግን ያልቃል። የራሱ ቅመም ያለው ዘይት ካልሰጡት በየኩርባው ያጉረመርማል። በየጊዜው ተከፍቶ ሳህኑ መቀየር አለበት። ጀንበሬ በሱ ፍቅር ወድቋል፤ የሚወድለትም መከፈቱን ነው።

ሦስተኛው ባለ ጥርሱ። ጥርስ በጥርስ የተያያዘ፤ አይፋተግ፣ አያልቅ፣ አይጮኽ። አንዴ ገብቶ ከተዘጋ የሚከፍተው የለም። ነውሩ አንድ ነው፤ አንዱ ጎማ ጭራሽ የሚይዘው ካጣ እሱም ግራ ይገባዋል። ጀንበሬ ስሙን ሲሰማ ምራቁን ሊተፋ ምንም አልቀረው። «የማይከፈት ነገር» አለ፣ «መካኒክን ይንቃል።»

ሁለተኛው ተመረጠ። ዱባይ ላለ ሰው ተደወለ።

ሰኔ 23

ውቢት መጣች። ሄሮን ሰፈር አንድ ፈረንሳዊ ሐኪም መኖሪያ ቤት ተቀጥራ እዚያው የምታድር ልጅ ናት፤ ለዓምዴ ወሬ ከሚያቀብሉኝ አንደኛዋ። ሻይዋን ሳትጨርስ፣

«እትዬ እንቁ፣ ጋሼ ጀንበሬን እኛ ቤት አየኋቸው» አለች።

«የዶክተሩን መኪና ሊሠራ ይሆናላ።»

«መኪናውን እኮ ማዳም ይዛው ወጥታ ነበር።»

«እንግዲያ ስለ መኪናው ሊነጋገሩ።»

«ይሆናል።» ብርጭቆዋን አዞረች። «ሲወጡ ደረጃው ላይ ዶክተሩ ክንዳቸውን ይዟቸው ነበር።»

«ፈረንጅ እንዲህ ነው፤ ሰው ሲወድ ይይዛል።»

የቀረ ሻይዋን ጨለጠች። እኔም ስለ ማዳም አዲስ ቀሚስ ጠየቅኳት። ጥሩ ወሬ ነው፤ ለዓምዴ ይሆነኛል።

ሐምሌ 6

ሙቀት። መጻፍ አይቻልም፤ ወረቀቱ ከክንዴ ይጣበቃል። ዕቃው ከዱባይ መጣ። ጀንበሬ በሁለት እጁ አቅፎት ሊገባ ሲል ደፍ ላይ ተደናቀፈ። ደፉን እንደሆነ ይህን ሁሉ ዓመት ሲሻገረው ኖሯል።

«ዓይንህ ዕቃው ላይ ነው» አልኩት።

ሐምሌ 19

ዛሬ ሳህኖቹን አየሁ። ትሪዬን ለመነኝ፤ የእንግዳ ትሪዬን! እነዓብዱረዛቅ ግቢ መሃል ሸራው ሥር አስቀምጦ ዕቃውን ፈታው። አንድ የሚያብረቀርቅ፣ አንድ የደበዘዘ፣ አንድ የሚያብረቀርቅ፣ አንድ የደበዘዘ፤ በጣቱ እየዳሰሰ ደረደራቸው። ከወረቀት የሳሱ ናቸው አንዳንዶቹ። «ይሄን ሁሉ ጉልበት እነዚህ ናቸው የሚይዙት?» አልኩ። «ብቻቸውን አይችሉም፤ አንድ ላይ ሲጨመቁ ነው» አለ። ሀጀራ ጎንበስ ብላ አየችና «ማሻአላህ» አለች፣ ሕፃን እንደሚታይ።

ከዚያ አንዱ ከእጁ ወደቀ። አነሳሁለት። ሌላው ወደቀ። «ላብ ነው» አለ። ሁላችንም ላብ ነው አልን።

ሲገጠም ውሎ ማምሻውን «ግቢና ፍሪሲዮኑን ርገጪልኝ» አለኝ። ጣውንቴ ላይ ተቀመጥኩ! ፔዳሉ እንደ ግድግዳ ነው፤ በሁለት እግሬ ነው ያወረድኩት።

«አንተ ለምን አትረግጠውም?»

«ሁለት ቦታ መሆን አልችልም።»

ከዚያ ቁልፉን አዞርኩ። እንዴት ልንገርሽ። ድምፁ በጆሮ አይገባም፤ በወንበሩ ነው የሚገባ፣ በአጥንት። የአርሂባ ርግብ ሁሉ ከጣሪያ ተነሣ። ሀጀራ ደረቷን ያዘች። ጀንበሬ መከለያው ላይ እጁን ጭኖ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር፤ ጸሎት ላይ ያለ ሰው ይመስል ነበር። ቀናሁ። በመኪና።

ነሐሴ 3

ደህና ነው። ማንም አልተጎዳም። ደህና ነው።

ነገ እጽፋለሁ።

ነሐሴ 4

ከኋላ በቀኝ በኩል ጎማው የሚዞርበት ኩሽኔታ ድምፅ ሲሰጥ ሰማሁ አለ ጀንበሬ። የከባድ መኪና መካኒኮች ኩሽኔታ የሚያዳምጡበት ልማድ አላቸው፤ አንዱን የኋላ ጎማ በክሪክ ያነሡታል፣ ሞተሩን አስነሥተው ማርሽ ያስገባሉ። የተነሣው ጎማ በአየር ይሽከረከራል፤ መሬት የረገጠው አይነቃነቅም፤ መካኒኩ ጆሮውን አቁሞ ያዳምጣል። ጀንበሬ ዕድሜውን ሙሉ እንዲህ ሠርቷል።

ዓብዱረዛቅ መሪው ላይ ተቀመጠ። ቀኙ ጎማ ተነሣ። ጀንበሬ ከፊት ለፊት ቆሞ፣ አንድ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ በሌላው «ጨምር፣ ጨምር» ይላል። ዓብዱረዛቅ ማርሽ አስገብቶ ፔዳሉን ለቀቀ።

አንዱ በአየር ሲንሸራተት ሁለቱን የሚያያይዝ ዕቃ ራሱ በእጁ አስገብቶላታል። እኔ እንኳ አውቀዋለሁ። ግን እጅ የለመደውን ነው የሚሠራው። መሬት የረገጠው ጎማ ያዘ፣ መኪናዋም ከክሪኩ ላይ ዘላ እንደ ነብር ወጣች።

ጀንበሬ አልሸሸም። እዚህ ላይ ነው ቃል የሚያጥረኝ። ፊት ለፊቱ ስትመጣ አያት፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ የራሱን እግር አየ። የገዛ እግሩን፣ እንደ ሌላ ሰው እግር። ሀጀራ ናት በሸሚዙ ጎትታ የጣለችው። መኪናዋ በርሜሏን ገጭታ ቆመች፤ ውኃው ግቢውን ሞላው። ዓብዱረዛቅ መሪውን እንደያዘ «ያ አላህ፣ ያ አላህ» ይላል።

ጀንበሬ ውኃው ውስጥ ተቀምጦ «አዘዝኩት» አለኝ። «እግሬን አዘዝኩት፤ አልሰማኝም።»

ከጥር ጀምሮ ነው። ነርቭ ነው። ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው፤ ግን አይመለስም ብሎታል ዶክተሩ። እጁም ጀምሮታል። «ራሴ እነግራታለሁ» ያለው ይህን ነበር፤ ስለ መኪና አልነበረም።

የጫማውን አፍንጫ አይቻለሁ። ብርጭቆዎቹን የጠረግኩት እኔ ነኝ። ውቢት ቤቴ ድረስ መጥታ ነግራኛለች። የጅቡቲ የሀበሻ ቤት ወሬ ሁሉ የሚገባበት ጆሮ ይዤ፣ የራሴን ቤት…

ተይው። ሌላ ቀን።

ነሐሴ 21

የረመዳን ጾም እነዓብዱረዛቅን ይዟቸዋል። ዓብዱረዛቅ ከንፈሩ ደርቆ ሸራው ሥር ጋደም ብሏል። ጀንበሬ ድንገት «ሳህኖቹን አውጣልኝ» አለው።

«ምን አደረጉህ? እንደ ነብር ነው እኮ የያዙት! ግመሌን ብታስርባት ትጎትታለች።»

«አውጣቸው። ባለ ጥርሱን አዝዣለሁ።»

ዓብዱረዛቅ ተነሥቶ ተቀመጠ። «የማይከፈት ነገር መካኒክን ይንቃል ያልከው አንተ አይደለህም? ጾመኛውን አታድክመኝ።»

«ብዬ ነበር።»

«እና?»

«እና ማን ይከፍተዋል?»

ጀንበሬ ስለ ዘይት እንደሚያወራ ሰው ረጋ ብሎ ቀጠለ። «ሳህኖቹ ከጥቂት ዓመት በኋላ ያልቃሉ። ለዘይቱ ቅመም ማን ይጨምርለታል? እንቁ? እሷ ወጥ ነው የምታጣፍጥ። ባለ ጥርሱ ማንንም አይለምንም። ደግሞ ኩርባ ላይ አይጮኽባትም። አዲስ ነጂ አያስደነግጥም።»

«አዲስ ነጂ የቱ ነው?» አልኩ።

ሁለቱም አዩኝ።

ጳጉሜ 5

ኢድ! ነገ ደግሞ እንቁጣጣሽ። ዘንድሮ ኢድና ዘመን መለወጫ ተያይዘው መጡ። ሀጀራ ሥጋ ላከች፤ እኔም ዳቦ ይዤ ሄድኩ። ባለ ጥርሱ ዕቃ ሸራው ሥር ተቀምጦ አገኘሁት፤ ዓብዱረዛቅ አዲሱን ነጭ ልብሱን ለብሶ እንኳ ከጎኑ አልተነሣም።

ጀንበሬ ጭኔ ላይ አስቀመጠልኝ። ክብደቱ እንደ ሁለት ሕፃን ነው። አንዱን ጫፍ ሳዞረው ሌላው ጫፍ በተቃራኒው ዞረ፤ ውስጡ ሁሉም ጥርስ አንዱ ሌላውን እየሰማ፣ ያለ ምንም ድምፅ። ድምፅ አልባ መሆኑ ነው ያስፈራኝ። ዓሳልን አስታወሰኝ። ሰው ይህን አስቦ ሠራው! አንድ የማላውቀው ሰው፣ የት እንዳለ የማላውቀው፣ አንድ ቀን ቁጭ ብሎ «ሁለት ጎማዎች ሳይጣበቁ እንዴት ይደጋገፋሉ?» ብሎ አሰበ። ይህን ላሰበ ሰው ጫማውን እስምለታለሁ።

ገጣሚው ዓብዱረዛቅ ነው፤ ጀንበሬ በአፉ ይሠራል። «ኮሮናውን፣ ትልቁን ጥርስ፣ አታንቀው። መልስ። ትንሽ። ትንሽ አልኩ እኮ፣ ክሬን አይደለም!»

«ዝም በል አንተ፤ በኢድ ልብሴ ላይ ዘይት አፍስሼልህ!»

እኔ ባትሪ ይዤ አበራሁ። ሲዘጋ ጀንበሬ የመጨረሻውን ብሎን ራሱ ሊያጠብቅ ወደደ። እጁ እምቢ አለው። እጄን በእጁ ላይ ጫንኩ። አብረን አጠበቅነው።

መስከረም 19

የደረቀው የአምቡሊ ወንዝ አሸዋ ላይ እነዳለሁ። አልነዳም፣ እዘላለሁ። የባልባላ ሚኒባስ ረዳት በመስኮት ወጥቶ «ማማን፣ ፈረስ ነው ወይስ መኪና?» ብሎኝ አለፈ። ጀንበሬ ከጎኔ ተቀምጦ እስኪያለቅስ ሳቀ። ከጥር ወዲህ እንዲህ ሲስቅ አላየሁትም።

ነውሯን ዛሬ አሳየኝ። አንዱን ጎማ ሆን ብሎ ጉድጓድ ውስጥ አስገባኝ። ነዳጅ ሰጠሁ፤ ያ ጎማ ተሽከረከረ፣ ሌላው ቆመ። ልክ እንደ ዓሳል! ልቤ ወደቀ። «ይኸውልህ፣ አይሠራም!»

«ይሠራል። የሚንሸራተተው ባዶ ስለሆነ ነው። ባለ ጥርሱ ባዶን ማካፈል አያውቅም። ከመሪው ሥር ያለውን የእጅ ፍሬን በጥቂቱ ሳቢ። በጥቂቱ! ልታቆሚው አይደለም። ያዝ ልታደርጊው ነው።»

ሳብኩ። ነዳጅ ሰጠሁ። አንባቢዬ፣ ተሰማኝ። ከወገቤ በታች በጨለማው ውስጥ ጉልበቱ ከዚያኛው ወደዚህኛው ሲሻገር ተሰማኝ። የቆመው ጎማ ነቃ። ወጣን።

«አየሽ?» አለኝ። «የሚንሸራተተው ትንሽ ሲያዝለት ሌላው ይችላል።»

ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ነበር የተናገረው። እኔም መንገዱን አየሁ። ሁለታችንም ስለ መኪና እያወራን ነበር።

ጥቅምት 5፣ አርብ፣ ማለዳ

ሙቀቱ ተሰበረ። ዓሳል እንሄዳለን።

ሁሉም በር ላይ ነው። ሀጀራ ውኃና ቴምር ጭናልናለች፤ ገመድም ጨምራለች፣ «ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ» በሚል ፊት። አዲስ ጫማ ገዛሁለት። የግራውን አፍንጫ ዓብዱረዛቅ በጎማ ቁራጭ ሸፍኖለታል፤ እንዳይፋቅ። ጀንበሬ «ኦቶብሎካን ገጠመልኝ» እያለ ለሁሉም ያሳያል።

ውቢትም መጥታለች፤ ፈቃድ አግኝታ። መኪናዋን ዞር ዞር ብላ አየቻትና «እትዬ፣ ይቺ ናት ጣውንትዎ?» አለችኝ። «ታረቅን» አልኳት።

ዓብዱረዛቅ መስኮቱ ላይ ተደግፎ፣ «እንቁ፣ ስሚኝ። ያኔ የተዋችሁት አንድ መስመር ነበር። እርጥቡ ጋ ስትደርሺ አትፍሪ። ስትወጪ ወርደሽ ዞር ብለሽ እዪ። አንድ ከሆነ ፍየሌን መልሺ!»

«ሁለት ከሆነስ?»

ጀንበሬን ነው ያየው፤ ትከሻውን መታ መታ አደረገውና ሄደ።

ጀንበሬ በተሳፋሪው በኩል ገባ። ለረጅም ጉዞ በዚህች መኪና በዚያ በኩል ሲገባ የመጀመሪያው ነው። የግራ እግሩን በእጁ አንሥቶ አስገባው፤ ሳልረዳው ጠበቅኩት፣ ሲጨርስ በሩን ዘጋሁለት። አሁን መሪው ላይ ይህን ደብተር ደግፌ ስጽፍ «ምን ትጽፊያለሽ፣ ጨዉ ይቀልጣል እኮ» ይለኛል።

እሺ፣ መጣሁ። ፍሪሲዮኑን ልረግጥ ነው። ጨዉ ላይ የምንተወው መስመር አንድ ይሁን ሁለት፣ ወርጄ በዓይኔ አይቼ፣ ከእጄ ላይ ጨዉን ሳልታጠብ እነግርሻለሁ።